ጎሕ ሲቀድ በጅግጅጋ

ውድ አንባቢያችን፣ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ከአልጋ ለመነሣት የሚያስቸግረው የትኛው ነው ቢባሉ ምን ይመልሱ ይሆን? እኔ ያለ ማመንታት ታኅሣሥ ነው እላለሁ። ብርዱ ከብርድ ልብስ ሥር እየገባ እግር ይፈልጋል። ልጆችን ለትምህርት ቤት መቀስቀስ ራሱን የቻለ ትግል ነው። ሻይ ጥዶ፣ ምሳ ዕቃ ቋጥሮ፣ የራስንም ፀጉር አበጥሮ ከሥራ ሰዓት መድረስ የእናት የዕለት ዕዳዋ ነው። በዚህ ሩጫ መካከል አንድ ሰው መጥቶ፣ «ከቤትዎ ወጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ይራመዱ፤ ሰማዩንና ሜዳውን ይመልከቱ» ቢልዎ፣ «ሥራ የፈታ ሰው ምክር!» ብለው እንደሚስቁበት አውቃለሁ። እኔም እስቅ ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ ለሥራ ወደ ጅግጅጋ ሄጄ ስድስት ቀን በታናሽ እኅቴ ቤት ሰንብቼ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ መሳቁን ትቻለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፉኝ የዚያ አገር ማለዳና አንድ ቡናማ ውሻ ናቸው።

ሹራብ ሳይዙ ወደ ጅግጅጋ

ጅግጅጋ ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ ወደ አሸዋና ወደ ወበቅ ይሄዳል። እኔም ስስ ቀሚሶችና አንድ ነጠላ ብቻ ከትቼ ነበር የተነሣሁት። ስሕተቴ የታወቀኝ በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ሶማሌዎች ጂላል በሚሉት በዚህ ደረቅ ወቅት ቀኑ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሰማዩ ደመና ስለሌለው ምድሪቱ ቀን የተቀበለችው ሙቀት ማታ ያለ ከልካይ ወደ ላይ ያመልጣል። እኅቴ የባሏን ካፖርት አውጥታ ሰጠችኝና፣ «እትዬ፣ ጋዜጠኛ ሆነሽ ይህን አታውቂም?» ብላ ሳቀችብኝ።

መንገዱ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። ከሐረር በስተ ምሥራቅ ባቢሌን ሲያልፉ፣ ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተቀምጦ አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ የሚያሰኝበት የደካታ ሸለቆ ይቀበልዎታል። ከመንገዱ በስተ ደቡብ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ይገኛል። ቀጥሎ የፋፈን ሸለቆ ይመጣል፤ ከዚያም አውቶቡሱ እያቃሰተ የካራማራን ዳገት ይያያዘዋል። ከአናቱ ሲደርሱ ተራራው በድንገት ያልቅና እስከ ሰማዩ ጫፍ የተዘረጋ ሜዳ ከፊትዎ ይከፈታል። ጅግጅጋ በዚያ ሜዳ መግቢያ ላይ ናት።

ቀጥ ቀጥ ያሉት የከተማይቱ አሮጌ መንገዶች በ1909 ዓ.ም. ገደማ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዘመን የተቀየሱ ናቸው። «ፋቡላ» የተሰኘውን ተውኔት የደረሱት፣ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥትም ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። ዛሬ ከተማይቱ የሶማሌ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ቀን ቀን በእነዚያ መንገዶች ላይ ባጃጅና የአህያ ጋሪ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌና ወደ ቀብሪ በያህ የሚጭን መኪናም ይተራመስባቸዋል። ስለ ቀኑ ጅግጅጋ ሌላ ጊዜ እንጽፍ ይሆናል፤ የዛሬው ወጋችን ስለ ማለዳው ነው።

መቻል

እኅቴ መምህርት ናት፤ የሦስት ልጆች እናት። ባለቤቷ የሚሠራው ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከድንበር ላይ በምትገኘው በቶጎ ውጫሌ ስለሆነ ወደ ቤት የሚመጣው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ቤታቸው በከተማይቱ ዳር፣ ከሜዳው አፋፍ ላይ ነው። ሌሊት ሌሊት ጅቡ ከአጥሩ ሥር ሲያላዝን ይሰማል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቡችላ አሳደጉ። ስሙንም መቻል አሉት። በአገራችን ለውሻ የሚወጣ ስም ብዙ ጊዜ የባለቤቱን ሆድ የሚናገር ነው፤ የዚህኛውን ስም ያወጣችው እኅቴ መሆኗን ሳይነግሩኝ አውቄዋለሁ።

መቻል አደገ። ሲያድግ ሰንሰለት ገባለት፤ ቀንም ሌሊትም ከበሩ አጠገብ ታስሮ ይውል ያድር ጀመር። አስቡት፣ ዓለሙ የሦስት ሜትር ሰንሰለት ብቻ ነው። በበሩ ያለፈውን ሁሉ ይጮኽበታል፤ ይልቁንም ማለዳ፣ የሰፈሩ ሕፃናት የእንጨት ሰሌዳቸውን ታቅፈው ወደ ዱግሲ፣ ማለት ወደ ቁርአን ትምህርት ቤት፣ በሚያልፉበት ሰዓት። ከሕፃናቱ አንዷ የጎረቤታችን የአዬዮ የልጅ ልጅ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። አዬዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ይጠራቸዋል። ልጅቱ የመቻልን ጩኸት ፈርታ ሰሌዳዋን ጥላ ሮጠች፤ በማግሥቱም ወደ ዱግሲ አልሄድም አለች።

እኔ በደረስኩበት ዋዜማ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወደ እኅቴ መጥተው ነበር። ንግግራቸው ትሕትና የተሞላበት ነበር፤ ቃሉ ግን ቁርጥ ነበር፦ ሳምንቱ ሳያልቅ ውሻው ከሰፈሩ ይውጣ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን በሁለቱም ወገን ሆነው ይመልከቱት። ሶማሌዎች በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱ በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ለጥበቃ፣ ለአደንና ለከብት ውሻ መያዝ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ለሶላት የተዘጋጀ ሰው ውሻ እንዳይነካው ቢጠነቀቅ ከንጽሕና እንጂ ከጥላቻ የመጣ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ እኅቴ ባሏ በሌለበት ሦስት ልጆች ይዛ ከሜዳ ዳር የምታድር ሴት ናት። ከዚህ ሁሉ በላይ የከበዳት ግን አዬዮን ማስቀየሟ ነው። የመጨረሻ ልጇን በምትወልድበት ሌሊት ከአጠገቧ ያደሩት፣ ገንፎ አገንፍተው ያጎረሷት እኚሁ ሴት ናቸው። የእናታችን አገር ሩቅ ነው፤ እዚህ አገር እናቷ አዬዮ ናቸው።

ምን ይሻላል ብለን አንድ የእንስሳት ሐኪም አማከርን። ሐኪሙ ውሻውን አየና ሰንሰለቱን በእጁ አነሣ። «ክፋቱ ከዚህ የመጣ ነው» አለ። «ሳይንቀሳቀስ የሚኖር ውሻ ጉልበቱ ወደ ቁጣ ይዞራል። ሕፃናት ከመውጣታቸው በፊት በማለዳ አውጥታችሁ ሩቅ አራምዱት፤ ስትመለሱ አብሉት፤ በጓሮ በኩልም እሰሩት። ለሁለት ሳምንት ሞክሩት፤ ካልሆነ ያን ጊዜ ስጡት።»

እኅቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «ማነው በዚያ ብርድ የሚያወጣው?» አለች። እኔ ደግሞ እንግዳ ነኝና፣ «አብረን እናወጣዋለን» አልኩ።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

የሱብሂ አዛን ተሰምቶ ካበቃ በኋላ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። መቻል ያን ዕለት ገመዱን ከእጃችን ሊነጥቅ ምንም አልቀረውም፤ እኅቴን ወዲያና ወዲህ ጎተታት። ከየቤቱ ጭስ ይወጣል፤ በጭሱ ውስጥ የኡንሲ ሽታ አለ። ኡንሲ የሶማሌ እናቶች ደብቃድ በተባለ ማጨሻ የሚያጤሱት ዕጣን ነው። ሌሊቱ ገና አልነጋም ብንል እንኳ ለወንድ እንጂ ለሴት አልነበረም፤ በየጓዳው ፍም ታራግባለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ሊጥ ትደፋለች።

ከመጨረሻው አጥር እንዳለፍን ድምፁ ሁሉ ከኋላችን ቀረ። ከዋክብት ገና አልጠፉም። እግራችን የሚረግጠው ሣር ደርቆ ብጫ ሆኗል፤ ጤዛው ግን ጫማችንን አረጠበው። በየማሳው የታጨደ የማሽላ አገዳ ተከምሮ ቆሟል፤ በጨለማ ሲያዩት ሰው ተቀምጦ የሚያወራ ይመስላል። ጥቂት እንደሄድን ከሩቅ የእንጨት ቃጭል ድምፅ ሰማን፤ ኮቅ፣ ኮቅ፣ ኮቅ። ግመሎች ናቸው። የግመል ቃጭል ከእንጨት ተፈልፍሎ የሚሠራ ስለሆነ እንደ ከብረቱ አይጮኽም፤ ሰው በር እንደሚያንኳኳ ያለ ድምፅ አለው። መቻል ጆሮውን አቁሞ አዳመጠ፤ ግን አልጮኸም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመንገር ቃል ያጥረኛል። ምሥራቁ መጀመሪያ እንደ አመድ፣ ቀጥሎ እንደ በሰለ ኮክ ሆነ። እኛ ፀሐይቱን በምሥራቅ ስንጠብቃት እኅቴ ወደ ኋላዋ ዞራ፣ «እይ፣ ካራማራን እይ!» አለችኝ። ፀሐይ ለእኛ ገና አልወጣችም፤ በስተ ምዕራብ ያለው የካራማራ አናት ግን ከፍ ያለ ነውና ቀድሟት ተቀብሏል። ተራራው ከላይ ወደ ታች እየቀላ ወረደ፤ እኛና ሜዳው ገና በጥላ ውስጥ ነን። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ብርሃኑ ሜዳውን አቋርጦ መጣና ጥላችንን አስረዝሞ ጣለው። የሁለት ሴቶችና የአንድ ውሻ ጥላ እስከ አገዳው ክምር ደረሰ።

ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ በመሆኗ ፀሐይ አሥራ ስድስት ደቂቃ ያህል ቀድማ ትወጣላታለች። አዲስ አበባ ላይ ልጆቼ በጨለማ ተጠቅልለው በተኙበት ሰዓት እኔ የነሱን ፀሐይ ቀድሜ ማየቴ እንደ ሕፃን አስደሰተኝ።

እኅቴ ግን ዝም ብላ ነበር። ቆይታ፣ «እትዬ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለችኝ። «ሁልጊዜ ስትወጣ እኔ ማድ ቤት ነኝ።» ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ የተናገረችው ልክ ስለ ስኳር መወደድ እንደምትናገር ነው። እኔን ግን እስካሁን ያላስተኛኝ ቃል ይኸው ነው።

የሣር ውስጥ ወፍ

በሁለተኛው ቀን መቻል ሣር ውስጥ አፍንጫውን ሲከት አንዲት ትንሽ አፈርማ ወፍ ተፈናጥራ ተነሣች። ወደ ላይ ወጣች፤ ጥቂት አዜመች፤ ተመልሳም ከሣሩ ውስጥ ጠፋች። ስለ ጅግጅጋ ሜዳና ስለ ወፎቹ ያነበብኩት ትዝ አለኝ።

በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዷ «የሊበን ላርክ» የምትባለው ናት። በነገሌ ቦረና አጠገብ ባለው በሊበን ሜዳ ትታወቅ ነበር። በሌላ በኩል በ1910ዎቹ በሰሜን ሶማሊያ ምድር፣ ከድንበራችን ብዙም ሳይርቅ፣ ተገኝታ ከዚያ ወዲህ የጠፋች የምትመስል ሌላ ወፍ ነበረች። የተመራማሪዎች ቡድን በጅግጅጋ ዙሪያ ባለው የሣር ሜዳ ላይ ተመሳሳይ ወፎች አግኝቶ ዘራቸውን መረመረ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አስረዳ። እንግዲህ ያቺ ወፍ በዓለም ላይ የምትገኘው በሊበንና በጅግጅጋ ሜዳዎች ብቻ ነው ማለት ነው። ሜዳው ሲታረስና ከመጠን በላይ ሲጋጥ መኖሪያዋ ይጠባል። ጎጆዋን የምትሠራው በምድር ላይ፣ ከሣሩ ሥር ነውና የተለቀቀ ውሻም ያጠፋታል።

እኛን ያስደነገጠችን ወፍ እርሷ ትሁን ሌላ እኔ አልለይም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ግን ገመዱን አሳጠርነው። ሜዳው ባለቤት አለው፤ ሣር ውስጥ ተኝታ የምታሳድግ እናት አለችበት።

የአዬዮ ጉሮሮ

በሦስተኛው ቀን ስንመለስ አዬዮን ከበራቸው ላይ አገኘናቸው፤ ሙስባሓቸውን ይዘው በበርጩማ ተቀምጠዋል። ከመንገዱ ማዶ ቆምን። መቻል ደክሞታል፤ ከእኅቴ እግር ሥር ቁጭ አለ። «ሱባህ ወናግሰን፣ አዬዮ» አለቻቸው፤ እንደምን አደሩ ማለቷ ነው። «ነበድ» ብለው መለሱ፤ ሰላም ማለት ነው። ከዚያ ውሻውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱትና በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ውሻውን አልጠላውም፤ በጉድጓድ ከተኙት ደጋግ ሰዎች ጋር ውሻቸው እንደነበረ ቁርአናችን ይናገራል። እኔ የምፈራው ሌላ ነው» አሉ።

የፈሩትንም ነገሩን። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በቀብሪ በያህ በኩል ባለ ገጠር፣ የወንድማቸውን ልጅ አንድ መንገደኛ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ በሳምንት ዳነ። ሰው ሁሉ ረሳው። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ትኩሳት ያዘው፤ ውኃ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው ይታነቅ ጀመር፤ ጠምቶት እያለ ከውኃ ይሸሽ ነበር። በአራተኛው ቀን ሞተ። «ዘጠኝ ዓመቱ ነበር» አሉ አዬዮ፤ ሙስባሓቸውም ቆመ።

እኅቴ ገመዱን ለእኔ ሰጥታ እየሮጠች ወደ ቤት ገባች። የመቻልን የክትባት ወረቀት ይዛ ተመለሰችና በእጃቸው ሰጠቻቸው። አዬዮ አያነቡም፤ የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። ያቺው ከመቻል የሸሸችው ልጅ ከበሩ ኋላ ሆና ቀኑንና ወሩን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ክትባቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። አዬዮ ወረቀቱን መልሰው፣ «በጊዜው አሳድሺው» ብቻ አሉ።

በማግሥቱ ማታ ልጆቹን ሰብስበው የዊል ዋልን ተረት ሲነግሩ እኛም ከአጥሩ ወዲህ ሆነን አዳመጥን። ዊል ዋል በ19ኛው መቶ ዓመት የጅግጅጋን ምድር ያስተዳደረ ገራድ ነው፤ የከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ የሚጠራው በስሙ ነው። ተረቱ እንዲህ ነው፦ ገራዱ ወንዶቹን ሁሉ ጠርቶ፣ «ሰውን የሚያፋቅረውንና ሰውን የሚያጣላውን የበግ ብልት አምጡልኝ» አለ። ባለጸጎቹ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ይዘው መጡ። የአንድ ድኃ ሰው ልጅ ግን ለአባቷ የበጉን ጉሮሮ ቆርጣ ሰጠችው። ገራዱ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ጉሮሮ ለብቻው ሲውጥ ሰው ይጣላል፤ ከሌላው ጋር ሲካፈል ሰው ይፋቀራል። ብልኃቱም የልጅቱ እንጂ የአባትየው እንዳልነበረ ገራዱ ደረሰበት።

ተረቱን የነገሩት ለልጆቹ ነበር። ነገር ግን እኅቴ በጨለማ ክንዴን ያዘችኝ። የሰፈሩን ሰው ያጣላው የመቻል ጉሮሮ ነበር፤ የወንድማቸው ልጅ በጉሮሮው ታንቆ ሞቷል፤ ገንፎውም የወረደው በእኅቴ ጉሮሮ ነው። አዬዮ ይህን ሁሉ አስበው ይሁን ሳያስቡ አልጠየቅናቸውም።

በዚያው ምሽት ስለ ካራማራም አነሡ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ፣ የካቲት 26 ቀንም በካራማራ ጦርነት ከተማይቱ ነጻ ስትወጣ ወጣት ሴት ነበሩ። «ያን ጊዜ ተራራውን ማንም ለውበቱ አላየውም» አሉ። «ከዚያ በኩል ማን ይመጣብን ይሆን እያልን ነበር የምናየው። ዛሬ እናንተ ከውሻ ጋር ወጥታችሁ ታዩታላችሁ፤ አልሐምዱሊላህ።»

ለሚራመዱ እናቶች

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት ውሻ አለዎት፤ ምናልባትም የለዎትም። ሁለቱንም የሚመለከት ጥቂት ነገር ላስታውስ።

አንደኛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሕፃናትን ይገድላል። በዓለም ዙሪያ በሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶ 99 እጁ የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ልጅ በክትባት ያዳነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ነው። በአዲስ አበባ ፓስተር የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በእርሱ ስም ከተቋቋመው ድርጅት ነው። ስለዚህ ልጅዎን ውሻ ቢነክሰው ወይም ቢቧጥጠው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡት፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የታዘዘለትን የክትባት መርፌ አንዱን እንኳ ሳያስቀሩ ያስጨርሱት። «ቁስሉ ትንሽ ነው» ብለው አይታለሉ። ጸበሉም ዱዓውም ከክትባቱ ጋር ይሁን እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን።

ሁለተኛ፣ ውሻዎን በየዓመቱ ያስከትቡ። ወረቀቱንም ጎረቤት ሲጠይቅ በቀላሉ በሚገኝበት ቦታ ያኑሩት።

ሦስተኛ፣ በመንገድ ላይ ገመዱን አሳጥረው ይያዙ። ሰው ሲመጣ እርስዎ ቀድመው ወደ ዳር ይውጡ፤ ይልቁንም ወደ መስጊድ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድን ሰውና ሕፃናትን ያሳልፉ። ውሻው ያቆሸሸውን ያንሡ።

አራተኛ፣ ብቻዎን አይውጡ፤ እኅት፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ጓደኛ ይዘው ይውጡ። ጎሕ ሲቀድ እንጂ በድቅድቅ ጨለማ አይሁን። ሹራብ ይልበሱ፤ አንገትዎንም ይሸፍኑ። ፀሐይ ስትሞቅ የሚያወልቁት ልብስ ከበሽታ ያድንዎታል።

አምስተኛውና ለእኔ የሚከብደው ይህ ነው፦ ልጆቹንና ሻዩን ለግማሽ ሰዓት ለሌላ የቤተ ሰብ አባል አደራ ይስጡ። የእኅቴ የበኩር ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ሻይ ማፍላት ተማረ። የመጀመሪያው ሻይ ስኳር የበዛበት ነበር፤ ጠጣነው። ባለቤቷም በሳምንቱ መጨረሻ ሲመጣ ተራውን ወስዶ ማድ ቤት ገባ።

የመጨረሻው ማለዳ

በስድስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ወደ ሐረር የሚሄድ መኪና ይጠብቀኝ ነበር። ቢሆንም ወጣን። መቻል ገመድ መሳቡን ትቷል፤ ከእኅቴ እግር ጎን ይራመዳል። ስንመለስ ከገጠር ወተት ይዘው የሚመጡ ሴቶች ደረሱብን፤ በጫንቃቸው የያዙት ዕቃ ገሚሱ ከሥር ተሠርቶ በጭስ የታጠነ የወተት ማስቀመጫ ነው፤ ገሚሱ ደግሞ ብጫ ጀሪካን። ሌሊቱን ተጉዘው ከገበያ ለመድረስ ይቸኩላሉ። ለእኔ መዝናኛ የሆነኝ ማለዳ ለእነሱ እንጀራ መሆኑን ሳስብ አፈርኩ። መንገዱን ለቀቅንላቸው። አንዷ መቻልን አይታ ለጓደኛዋ አንድ ነገር ብላት ሳቁ፤ እኅቴም ሳቀች። ምን እንዳሉ ስጠይቃት፣ «ውሻው ነው ወይስ ሴትየዋ ናት የታሰረችው? አሉ» አለችኝ።

አዬዮ ከበራቸው ላይ ነበሩ። የግመል ወተት በጣሳ አድርገው በአጥሩ ላይ ለእኅቴ አቀበሏት። «አፍልተሽ ስጫቸው፤ ለእንግዳይቱም ስጫት» አሉ። በዚያ ወተት ሻይ ተፈላ። ቅቤና ስኳር ከተቀባ አንጀሮ ጋር ጠጥተን በላን። አንጀሮ ከእኛ እንጀራ ያነሰና የሚለሰልስ የሶማሌ ቂጣ ነው።

ነገሩ ሁሉ አማረ ብዬ ላታልልዎ አልሻም። ሽማግሌዎቹ የሰጡት ጊዜ በሁለት ሳምንት ተራዘመ እንጂ ውሳኔው አልተሻረም። መቻል አሁንም ጅብ ሲሰማ ይጮኻል። ትንሿ ልጅ ወደ ዱግሲ መሄዷን ቀጥላለች፤ ግን የምታልፈው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሰሌዳዋንም ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። እኅቴ ያን ባየች ቁጥር በር ላይ ቆማ እስክታልፍ ትጠብቃታለች።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ደወልኩላት። ሁለቱ ሳምንታት አልፈዋል። አዬዮ ለሽማግሌዎቹ፣ «ውሻው ይቆይ፤ ወረቀቱን እኔ ዓይቼዋለሁ» ማለታቸውን ነገረችኝ። ክትባቱም በጊዜው ታድሷል። «አሁንም ትወጫለሽ?» አልኳት። «በሳምንት አራት ቀን» አለች። «ሦስቱን ቀን ልጄ ያወጣዋል፤ እኔ እተኛለሁ።»

እርስዎስ? የአዲስ አበባ ሰው ከሆኑ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ የባሕር ዳር ሰው ከሆኑ የጣና ዳር፣ የድሬዳዋ ሰው ከሆኑ የደቻቱ አሸዋ ከደጅዎ ሩቅ አይደለም። ነገ ፀሐይ ስትወጣ ማድ ቤት ካሉ፣ ቢያንስ መስኮቱን ይክፈቱት።